የአራስ ውሃና የታኅሣሥ ፀሐይ

በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አዝላ፣ እንዳይነቃነቅባት ጎንበስ ብላ ከንፋስ መውጫ ገበያ ስትወጣ ያየ ሰው ምን ይላል? «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላል። ብለውኛልም። አንዷ ሽንኩርት ሻጭማ ሕፃኑን ልሳም ብላ ብርድ ልብሱን ገለጥ ብታደርገው የገዛ ፊቷን አየችና ደንግጣ አማተበች። ያዘልኩት የመስኮት መስታወት ነበር።

ማንአለሽ እባላለሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እልኼ ግን የሚቆምበትን ቦታ እስካሁን አላገኘም። በቤቴ የሆነውን ነገር ጎረቤት ሲቀባበለው እየተጣመመ ስላስቸገረኝ ነው ከምንጩ ልጻፈው ያልኩት።

መናኸሪያው ጥግ ስደርስ አንድ አይሱዙ ቆሞ ሰው ያወርዳል። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው እየወረዱ «ቀስ በል አንተ! ቅሉን! ቅሉን!» ብለው ረዳቱ ላይ ጮኹ። ድምፃቸው አልጠፋኝም። እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ የልጄን የዘነበችን ባል ይታያልን የወለዱ፣ ከወገዳ ወዲያ ስማዳ የሚኖሩ። ዘነበች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገራችን ልማድ ወደ እኔ ቤት መጥታ ነበር፤ ሴት ልጅ ተገላግላም ገና ከመኝታዋ አልተነሣችም። አያትየው ሳይልኩ ሳያስታውቁ ሊጠይቋት መምጣታቸው ነው።

«ምነው እትዬ አልጣሽ፣ ሳይልኩብን! ወጥተን እንቀበልዎ ነበር እኮ።»

«ደግሞ ለእኔ! እግሬ አልተሰበረ። አራሷ እንዴት ናት? ልጅቱስ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ተመስገን። ለራሷ ቅቤ ይዤላት መጣሁ፤ ጾሙ ለመቅባት አይከለክል።» ቅሉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ብርዱ ድንጋይ አድርጎታል። አንቺስ ያዘልሽው ምንድን ነው?»

«መስታወት ነው።»

«ለመስኮት? በዚህ ውርጭ አራስ በተኛችበት ቤት መስኮት ልትበሺ?»

«ለመስኮት አይደለም። ፀሐይ ልይዝበት ነው።»

እትዬ አልጣሽ ቆም ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ማንአለሽ፣ እህል ቀምሰሻል ዛሬ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን መስታወቱ እንዳይነቃነቅ በአፍንጫዬ ብቻ ሳቅሁ። ከከተማው ወጥተን ወደ ሰፈሬ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ነገሩን አስረዳኋቸው። ወንድሜ ደምሌ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ነው። እሱ ዘንድ ሄጄ ሳለ ደጁ ላይ ከጣውላ የተሠራ ሣጥን አየሁ፤ ውስጡ የጠቆረ ጀሪካን ተጋድሟል፤ ላዩ መስታወት ነው። ደምሌ ስለ ጨረር ስለ ምን ብዙ ነገረኝ፤ እኔ ግን የገባኝ እጄን ውሃው ውስጥ ስነክር ነው። እንደ ነከርኩ መለስኩት። እንጨት የለ፣ ጭስ የለ፣ ውሃው ያቃጥላል።

«እና እኔም እንደሱ አሠራሁ» አልኳቸው። «ሣጥኑን በገለባ ጠቀጠቅሁት፤ ጀሪካኑን በድስት ጥላሸት አጠቆርኩት። መስታወቱ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«ጥላሸቱ ለምን?»

«አንቱ ገበሬ ቤት ያደጉ፣ ይጠይቁኛል? በቀትር ቀድሞ የሚያለከልከው ጥቁሩ በሬ ነው ወይስ ነጩ?»

«ጥቁሩ።»

«ለዚያ ነው።»

ጥቂት ተራመዱ። ጥቁሩ በሬ ያሸነፈልኝ መስሎኝ ነበር። «ይሁን» አሉ፤ «ውሃው ሲሞቅ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ዘነበችንና ልጇን ላጥብበት።»

አሁን እውነት ቆሙ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ፀሐይ በገባበት ውሃ! አራስ! ምች በእንስራ ቀድተሽ ልጄ ላይ ልትደፊ?»

የአገሬ አንባቢ ምችን አያጣትም፤ የማያውቅ ካለም ልንገረው። ፀሐይ የመታው ሰው ትኩሳት ይይዘዋል፣ ራሱ ይፈልጠዋል፣ ከንፈሩ ይፈነዳል፤ ይህን ምች እንለዋለን። አራስ ከሁሉ ይልቅ ይፈራላታል። ራሷን ሳትከናነብ፣ ብረት በእጇ ሳትይዝ ደጅ አትወጣም። እትዬ አልጣሽ ያሉት ከባዶ አልመጣም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ታዲያ ያደግሁበትን ሁሉ እንዳለ ብውጥ እልኸኛ ማን ይለኝ ነበር?

«እትዬ አልጣሽ፣ ገብሱን አውድማ ላይ የሚያደርቀው ማን ነው? በርበሬውንስ? ፀሐይ የጠጣውን እህል ለአራስ ገንፎ እናደርግላት የለም?»

«እሱ እሳት ያየዋል፤ ምቹን እሳት ያወጣለታል።»

«ዘቢብስ? ለቅዳሴ የሚቀርበው ዘቢብ በፀሐይ ደርቆ የመጣ አይደለም? ያን እሳት አይነካው።»

«ዘቢብ በጸሎት ይባረካል። ያንቺን ጀሪካን የትኛው ቄስ ይባርክልሽ?»

አፌን አስያዙኝ፣ እውነቱን ለመናገር። አፋቸው ስል ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ቤቴ ደጅ እንዲህ ስንመላለስ በሄድን ነበር። ግን ቅሉን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አማረችን አታውቂያትም። የይታያል ታላቅ ናት። አራስ ሳለች ዘመድ መጣ ብላ ልትቀበል ደጅ ወጣች፤ ቀትር ነበር። ማታ እንደ ከሰል ጋለች። ዳማከሴ ጨመቅንላት፣ አሸናት፣ ያላደረግንላት ነገር የለም። ቀበርኳት። እኔ የማውቀው ይህን ነው፣ ማንአለሽ።»

አራስን የሚያግል ትኩሳት ሌላም መንስኤ እንዳለው፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ መውሰድ እንደሚገባ የጤና ኤክስቴንሽኗ የትናየት ደጋግማ ነግራናለች። ያን ግን መንገድ ላይ ቆሜ ልጇን ለቀበረች እናት አልነገርኳትም። እልኸኛ ነኝ እንጂ ድንጋይ አይደለሁም።

ቤት ስንደርስ እትዬ አልጣሽ አራሷን ስመው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ «አፍንጫዋ የእኛ ነው» ብለው ደስ ሲላቸው አመሹ። እራት ከበላን በኋላ ግን ስልካቸውን አውጥተው ከይታያል ጋር ሲያወሩ ሰማሁ፤ አልደበቁኝም። «በቅሎዋን ይዘህ ድረስ። እዚህ አራስ በፀሐይ ውሃ ልትታጠብ ነው። ምራቴን ወደ ቤቴ እወስዳለሁ።»

ዘነበች ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ ሁሉን ሰማች። እኔ ግን ሌሊቱን መንገዱን ሳስብ አደርኩ። ልጄ ገና ወገቧ አልጠና፤ ሕፃኗ አንድ እፍኝ ናት፤ መንገዱ ገደል ነው፤ ደግሞ በታኅሣሥ ውርጭ። ደህና ደርሳም የምትገባው ምድጃው መኝታው ሥር ወዳለበት ቤት ነው።

ምድጃውን አነሣሁ እንጂ፣ የእኔም ቤት እስከዚያች ቀን ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ደረቅ እንጨት አልቆ እርጥብ ባሕር ዛፍና ኩበት ነበር የምናነደው። የአራስ ውሃ ደግሞ አያልቅም፤ ሲጣድ ይውላል። የትናየት ሕፃኗን አይታ «ይህ ሳል የጭስ ነው፤ እሳቱን ልጅቱ ከተኛችበት ቤት አውጡት» ብላኝ ሄደች። ማውጣቱስ ቀላል ነበር፤ ከውጭ ጎጆ እስከ አራሷ ሳፋው ሲመላለስ በዚያ ብርድ ውሃው ይቀዘቅዛል። መስታወት ያሳዘለኝ ይኸው ነው።

ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ደመና የሚባል ሳይጋርዳት ወጣች። እትዬ አልጣሽ ማልደው ተነሥተው የቅቤ ቅላቸውን ደጅ ያለው ካብ ላይ አስቀመጡና ልጅቱን ለማባበል ገቡ። እኔ መስታወቴን ሣጥኑ ላይ ገጥሜ፣ ዳርዳሩን በጭቃ መርጌ፣ ፊቱን በዚህ ወር ፀሐይ ወደምታዘነብልበት ወደ ደቡብ ደገፍ አደረግሁት። ጀሪካኑን ሞልቼ ከደንኩ። ረፋድ ላይ እትዬ አልጣሽ ወጥተው ቅላቸውን ሲያነሡ ሣጥኔን በጎን አይተው «ፀሐይ በሣጥን!» አሉና ገቡ፤ የዘነበችንም ራስ ቀቡላት።

ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሳፋው ላይ ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ አለዝቤ፣ በክርኔ ሞክሬ ይዤ ስገባ እትዬ አልጣሽ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል።

«በዚህ በር ይህ ውሃ አይገባም።»

«እትዬ አልጣሽ፣ ቤቱ የማን ነው?»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ልጅቱ ግን የይታያል ናት። ውሃ ከፈለግሽ ውሃ እንደ ሰው አፈላልሻለሁ።»

ደግሞም አደረጉት። ያን እርጥብ ባሕር ዛፍ ምድጃ ውስጥ ጨምረው እፍ ማለት ጀመሩ። እንጨቱ ያለቅሳል እንጂ አይነድም። ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፤ እርስ በርስ መተያየት አቃተን። እሳቸው እፍ ይላሉ፣ ያስላሉ፣ እፍ ይላሉ። ሕፃኗ ከመጋረጃው ጀርባ መሳል ጀመረች፤ ድመት ስታስነጥስ ያየ ያውቀዋል፣ እንዲያ ያለች ትንሽ ሳል። እኔ ሳፋዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ውሃው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነበር።

ያኔ ስንጨቃጨቅባት ውለን ምን ትያለሽ ያላልናት ዘነበች ተናገረች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ትናንት ሲመጡ ቅቤው ድንጋይ ሆኗል ብለው ነበር። ዛሬ ራሴን ሲቀቡኝ ግን እንደ ማር ይፈስ ነበር። እሳት ላይ አሞቁት እንዴ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! የራስ ቅቤ እሳት አይነካውም፤ ይከረፋል። ካቡ ላይ አስቀምጬ ነው እንጂ…»

እፍ የሚሉበት አፋቸው እንደ ሾለ ቀረ።

«ካቡ ላይ?» አለች ዘነበች።

«ካቡ ላይ።»

«ፀሐይ ላይ?»

እትዬ አልጣሽ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ። እኔ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አልሳቅሁም፤ እንዳይደፋብኝ ሳፋውን መሬት አስቀመጥኩ እንጂ። መጋረጃው ጀርባ ያለችው ናት ቀድማ የሳቀችው። «እንግዲህ ዳማከሴ ይጨመቅልኝ!» ስትል እትዬ አልጣሽ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ሳቅና ጭስ እያነቃቸው። «እኔ ነኛ ምቹን በቅል አዝዬ ከስማዳ ድረስ ያመጣሁት! ስንቱን አራስ ቀብቻለሁ በዚህ ቅቤ! እናቴም ካቡ ላይ ነበር የምታለሰልሰው!»

«አንዷንስ ምች መትቷት ያውቃል?» አልኩ።

ተነሥተው ወደ ሳፋው መጡና ጣታቸውን ነከሩ፤ ቀጥሎ ክርናቸውን። አሸተቱት። «ጭስ ጭስ አይልም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ እንደገና ኮስተር አሉ። «ቢሆንም መጀመሪያ እኔ ልታጠብበት። ምች ካለ እኔን ይምታኝ፤ ለአሮጊት ብዙ አይለቀስም።»

ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ቀዳሁላቸው። ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እስከ ጉልበት ነከሩ። ጉልበታቸውን ብርድ ከያዘው ስንት ዓመቱ ነው። በመዳፋቸው እያሹት ቆዩ። በኋላ «አማረችን በዚያ ትኩሳቷ በጭስ ቤት ነው ያስተኛኋት» አሉ። «በሩን ዘግቼ። ብርሃን እንዳይነካት ብዬ።»

ያኔ የትናየት ያለችንን ነገርኳቸው። አራስ ትኩሳት ሲይዛት ቤት ተይዛ የምትቆይበት ነገር እንዳልሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ እንደምትወሰድ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኔ ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም» አሉ፤ ተነሥተውም እግራቸውን ሳያደርቁ ገቡ። የልጅ ልጃቸውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ሕፃኗ ለብ ያለው ውሃ ሲነካት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ ታጠበች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኩራቱ የእኔ ብቻ በሆነ ነበር። አላለቀም። በዚያው ዕለት ጀሪካኑን እንደገና ሞልቼ የቀረችው ፀሐይ ትንሽ ካሞቀችው በኋላ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ተውኩት፤ ንጋት ላይ ብከፍተው እንደ ወንዝ ውሃ ቀዝቅዟል።

እትዬ አልጣሽ በላዬ ቆመው ነበር። «ፀሐይሽ ከዳችሽ?»

«ሌሊት ከየት ላምጣት!»

«አንቺ ሴት፣ ብቅል አብቅለሽ አታውቂም?» አሉኝ። «ገብሱን ነክረሽ፣ በቅጠል ሸፍነሽ፣ ድንጋይ ስትጭኝበት ውስጡ የሚግለው ለምንድን ነው? ስለታፈነ ነዋ! አንቺ የያዝሽውን ሙቀት በመስታወት በኩል ለውርጭ ከፍተሽ አሳደርሽው። መስታወት ቀን ያስገባል፣ ሌሊት ያስወጣል። ጥሩ ሌባ ነው።»

የእትዬ አልጣሽን ብቅል ስማዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለሠርግ ከሩቅ መጥቶ ይወስደዋል። ስለ ማፈን የሚያስተምራቸው የለም። በዚያው ቀን አሮጌ ጎታዬን አስወጡና ወለሉን በገለባ ሞሉት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የጋለውን ጀሪካን ከሣጥኑ አውጥተው ጎታው መሐል አስገቡ፤ ዙሪያውን ገለባ ጠቀጠቁ፤ ላዩን በባለቤቴ ደበሎ ከደኑ፤ ደበሎው ላይ ድንጋይ ጫኑ።

«ደበሎዬስ?» አለ ባለቤቴ ደሳለኝ።

«አንተ ምድጃ አለህ» አሉት።

በማግሥቱ ንጋት፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከጎታው የወጣው ውሃ ለአራስ ፊት መታጠቢያ የሚበቃ ሙቅ ነበር። እትዬ አልጣሽ ጀሪካኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንደዚያ እንደ ቅቤ ቅላቸው።

ይታያል በቅሎዋን ይዞ ሲደርስ እናቱ ምድጃውን ከመኝታ ቤቱ አውጥተው የውጩ ጎጆ ውስጥ እየተከሉት ነበር። «ዘነበችን ልወስድ መጣሁ» ቢል፣ «ማን ልኮህ? ሂድ ውሃ ቅዳ!» ብለው ሰደዱት። ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ እኔም ጀሪካን አቀበልኩት።

አሁን ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልናገር። ሕፃኗ ሳሏ ለቋታል፤ የዘነበች ዐይን አይቀላም። ኩበቱን ምድጃ መጨመር ስለቀነስን ጓሮው ገብስ ላይ በትነነዋል። ባሕር ዛፋችን ለውሃ ማሞቂያ መቆረጡ ቀርቶ ለቤት ማገር እየቆመልን ነው። እትዬ አልጣሽም ጉልበታቸውን ሲነክሩ ከረሙ። ሁሉን ያደርጋል አልልም። ደመና የዋለ ቀን ውሃው ለብ ቢል ነው፤ ክረምት ከጉና ጉም ሲወርድ ወደ እሳት መመለስ ግድ ነው። የሞቀውንም ለመታጠቢያና ለዕቃ እንጂ ለመጠጥ አናደርገውም። ሕፃን ሲታጠብበት በቀዝቃዛ ይለዘብ፣ በክርን ይሞከር፤ ያቃጥላል ስላችሁ እመኑኝ። ከመስታወቱ በቀር የሚገዛ ነገር የለበትም፤ ገለባው ያለው ነው፣ ጥላሸቱም ያለው ነው፣ ፀሐይዋም ገና ካገሩ አልወጣችም።

እትዬ አልጣሽ ሲመለሱ እስከ ንፋስ መውጫ ሸኘናቸው። ገበያ ገብተው እኔ የገዛሁበት ቤት ሄዱና የእኔን የሚያህል መስታወት አስቆረጡ። ይታያል በቅሎዋ ላይ እንጫነው ቢል «ደንባራ ናት፣ ትሰብረዋለች» አሉት። ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉትና «አሳዝሉኝ» አሉ። አሳዘልናቸው።

ሽንኩርት ሻጭዋ ከሩቅ አይታቸው ኖሯል። «እማማ!» አለች ጮክ ብላ፣ «በዚህ ዕድሜ! እንኳን ማርያም ማረችዎ!»

እትዬ አልጣሽ፣ የምችን ስም በቀትር መጥራት የሚፈሩት ሴት፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፍ አድርገው ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጡ።

«ምች መትቶኝ ነው!» አሏት። «እናንተንም ይምታችሁ!»